የባህር ዳር ቃርሚያ

አርብ፣ ግንቦት 15

ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ሜሞሪያል ዴይ ነው፣ ሥራ የለም። የዋሽንግተን አካባቢ ሰው ሁሉ ወደ ባህር ይነዳል። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል ማለት ይቻላል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅሳለች። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆናት።

"ወፍ ለማየት ይኼን ሁሉ መንገድ?" አለችኝ።

"ወፍ ሲበላ ለማየት" አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝና ዳቦ በእንቁላል አቀበለችኝ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አርብም ቢሆን ፍስክ ነው።

ለእኔ ይኼ አራተኛ ጉዞዬ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወደ ደላዌር ቤይ እሄዳለሁ። የደላዌር ወንዝ ከአትላንቲክ ጋር የሚገናኝበት ሰፊ ወሽመጥ ነው። በአንድ በኩል ደላዌር፣ በሌላው በኩል ኒው ጀርሲ አለ። ለአብዛኛው መንገደኛ ምንም የማይስብ ቦታ ነው። ውኃው ድፍርስ፣ አሸዋው ጠባብ፣ ዝንቡ ብዙ። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት እዚህ የሚቀርበው ማዕድ በዓለም ላይ ወደር ከሌላቸው አንዱ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ወደ አርክቲክ የሚጓዙ ወፎች በመቶ ሺህ እየሆኑ ያርፉበታል።

ስሎተር ቢች የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ እርድ ማለት ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም። አንድ ረድፍ ቤት፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ውኃ። ባህሩ እየሞላ ነበር።

ከመኪና እንደወረድን አንድ ስህተት ሠራሁ። እማዬን ቶሎ ላሳያት ስለቸኮልኩ በቀጥታ ወደ ውኃው ዳር ሄድኩ። ሦስት መቶ የሚሆኑ ወፎች በአንዴ ብድግ አሉ። እንደ ጭስ ተጠቅልለው ባህሩ ላይ ዞሩና ርቀው አረፉ።

"አየህ! ከማዕድ ላይ አስነሣሃቸው" አለችኝ እማዬ። እውነቷን ነው። እነዚህ ወፎች እዚህ የሚቆዩት ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ብድግ ባሉ ቁጥር ያጠራቀሙትን ስብ ያቃጥላሉ። አራተኛ ዓመቴ ሆኖ ይኼን ረሳሁ። ወደ ኋላ ተመልሰን የመናፈሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ባይኖኩላሩን ለእሷ ሰጠኋት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ተመለሱ።

የዛሬው ይኼው ነው። ሞቴሉ ሚልፎርድ ከተማ ውስጥ ነው። ትኩስ ውኃ የለውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሰን እዚያው አግዳሚ ላይ ነን። ባህሩ ሞልቶ አሁን መጉደል ጀምሯል። ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ውኃው ሲሸሽ ሌሊት የተቀበረው ሁሉ ይገለጣል።

በመጀመሪያ ዓይን የሚገቡት ሳንደርሊንጎች ናቸው። ነጣ ያሉ፣ ክብ ክብ፣ ከዋኔ የማይበልጡ ወፎች። ሞገዱ ሲመለስ ተከትለውት ይሮጣሉ። እርጥቡን አሸዋ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ሞገዱ ሲመጣ እግራቸውን ሳያስነኩ ሽሽት። እንደገና ተከትለው ሩጫ። እግራቸው የኋላ ጣት የለውም። ሦስቱም ጣቶች ወደ ፊት ናቸው፤ ለሩጫ የተሠራ እግር ነው። ይኼንኑ ወፍ በአፍሪካ የባህር ዳርቻዎችም ያገኙታል። እማዬ ስታያቸው ሳቀች። "ልጆች ጠበል ሲረጩ እንደሚሸሹት" አለች።

ሁለተኛውን እሷ ራሷ ነው ያገኘችው። "ይኼ ደግሞ የዶሮ ዘር ነው?" ብላ ጠራችኝ። ተርንስቶን ነበር፣ ድንጋይ ገልባጭ እንደማለት። ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባው ቀይ ዳማ፣ እግሩ ብርቱካናማ። ከእኛ አሥር ሜትር አይርቅም። እንደ ዶሮ በእግሩ አይጭርም፤ የሚቆፍረው በምንቃሩ ነው። አጭር፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቃና ምንቃር። ወደ አሸዋው ይሰካውና ወደ ጎን ይገፈትራል። ከዚያ በሌላው ጎን። አሸዋው ወደ ኋላ ይበተናል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረቱ ድረስ የሚውጠው ጉድጓድ ሠራ። ጭንቅላቱን አስገብቶ ጭራው ብቻ ይታያል። ቀና ሲል ምንቃሩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበር።

ዕንቁላል ነው። ሌሊት ከባህር የሚወጣ ፍጥረት የጣለው፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የሚል፣ አረንጓዴ፣ እርጥብ ፍሬ። ይኼ ሁሉ ወፍ ከዓለም ዳር የመጣው ለእሱ ነው።

ሌላ ተርንስቶን ሲጠጋ የመጀመሪያው አንገቱን አስግጎ አባረረው። ከዚያ ግን አንድ ትልቅ ጥቁር ራስ የባህር ወፍ መጣ፤ ላፊንግ ገል ይሉታል። በጉልበት ጉድጓዱን ወረሰው። ቆፋሪው ሁለት እርምጃ ሸሽቶ አዲስ መቆፈር ጀመረ። እማዬ ባይኖኩላሩን ሳታወርድ "ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ" አለች። አዘነችለት።

ረፋዱ ላይ ቀዮቹ መጡ። ሬድ ኖት ይባላሉ። ደረታቸው የሸክላ ቀለም ነው፣ ጀርባቸው ግራጫ። ወደ ሁለት መቶ ይሆናሉ። እርስ በርስ ተጠጋግተው ውኃው ጠርዝ ላይ ቆሙ። ሩጫ የለ፣ ቁፋሮ የለ። ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እንደ ስንዴ ለቃሚ እጅ። ቀና የሚል የለም።

እዚህ ላይ ስለ ኖት ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም የመጣሁት ለእነሱ ነው። የሰሜኑን የብርድ ወራት የሚያሳልፉት፣ ብዙዎቹ፣ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ላይ ነው። የሚፈለፍሉት የካናዳ አርክቲክ ውስጥ። በአንድ መንገድ ብቻ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። አንዳንዶቹ የመጨረሻውን ጉዞ ስድስት ቀን ያህል ሳያርፉ ይበሩታል። ሌላ ቦታ ምግባቸው ቀንድ አውጣና ትንንሽ ዛጎል ነው። ከነልባሱ ይውጡትና ሆዳቸው ውስጥ ባለው ጡንቻ ይፈጩታል። ምንቃራቸው ጫፍ ላይ ስስ የሆነ የመዳሰሻ ክፍል አለ። አሸዋ ውስጥ የተቀበረውን ዛጎል ሳይነኩት፣ በእርጥቡ አሸዋ ውስጥ ባለው ግፊት ለውጥ ብቻ ያውቁታል። ይኼን ሳነብ ለሁለት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር።

ግን ረጅሙን በረራ ከመጀመራቸው በፊት ያ ፈጪ ጡንቻ ይኮማተራል። ሸክም ይቀንሳሉ። ስለዚህ እዚህ ሲያርፉ ጠንካራ ነገር መፍጨት አይችሉም። 130 ግራም አካባቢ ሆነው ይመጣሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ 180 ግራም መድረስ አለባቸው። አርክቲክ ሲደርሱ በረዶው ገና ያልቀለጠ፣ ነፍሳቱ ገና ያልወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚበሉት ከዚህ የያዙትን ነው። ለዚህ ደግሞ የሚሆን አንድ ምግብ ብቻ አለ፤ ለስላሳ፣ ቅባት የሞላው፣ መፍጨት የማያስፈልገው፦ ዕንቁላል።

ችግሩ ምንድን ነው? ዕንቁላሉ የሚቀበረው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። የኖት ምንቃር ደግሞ አራት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እንደ ተርንስቶንም አይቆፍርም። ታዲያ እንዴት ይደርስበታል?

ይኼን ለእማዬ ሳስረዳት ብዙ አልፈጀብኝም።

"ቃርሚያ ነዋ!" አለች።

ባህሩ ሲርቅ ቦምቤይ ሁክ ወደሚባለው የዱር እንስሳት መጠለያ ነዳን። ጭቃ ነው፣ አሸዋ አይደለም፤ አበላሉም ሌላ ነው። ዳዊቸር የሚሉት ረጅም ምንቃር ያለው ወፍ ሆዱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ልክ እንደ ሲንጀር መኪና መርፌ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሳይነሣ፣ ሳያርፍ። አጠገቡ አንድ ፕሎቨር ነበር፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ምንቃሩ አጭር። እሱ በዓይን ነው የሚያድነው። ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ያያል፣ አንዴ ጠቅ። እንደገና ሩጫ። በመዳሰስ የሚበላና በማየት የሚበላ ጎን ለጎን። አይጣሉም፣ ምክንያቱም የአንዱ ማዕድ ለሌላው ማዕድ አይደለም።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስሎተር ቢች ተመለስን። ባህሩ ሊሞላ ነው። ሰኞ ማታ ጨረቃ ትወለዳለች። በግንቦትና በሰኔ፣ ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ባህሩ ከፍ ብሎ በሚሞላበት ምሽት ዕንቁላል ጣዮቹ ይወጣሉ።

መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። ሆርስሹ ክራብ ይባላል፣ ፈረስ ኮቴ ሸርጣን እንደማለት። እንደ እውነቱ ሸርጣን አይደለም፣ ለጊንጥና ለሸረሪት ነው የሚቀርበው። ዘሩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ከዳይኖሰሮች በፊት ነበረ። የምጣድ አክንባሎ የመሰለ ቡናማ ልባስ፣ ከኋላው እንደ ጦር የሾለ ጅራት። ሴቷ ትልቅ ናት። ወንዱ ከኋላዋ ተጣብቆ ይጎተታል። ሌሎች ወንዶች በዙሪያዋ ይገፋፋሉ። እሷ አሸዋውን ቆፍራ ትገባና 4 ሺህ ያህል ዕንቁላል በአንድ ጉድጓድ ትጥላለች። ትወጣለች፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ እንደገና።

እማዬ መጀመሪያ አማተበች። "በስመ አብ! ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

ግን አሥር ደቂቃ አልቆየችም፣ አጎንብሳ ማየት ጀመረች። ያየችው ነገር ለጥያቄያችን መልስ ነበር። አንዷ ሴት ቆፍራ ጥላ ከሄደች በኋላ ሌላዋ መጥታ እዚያው ቦታ ላይ ትቆፍራለች። የመጀመሪያዋን ዕንቁላል ወደ ላይ ትበትነዋለች። ሦስተኛዋ የሁለተኛዋን። ሞገዱ የተበተነውን ይጠርገዋል፣ አሸዋው ላይ እንደ አረንጓዴ ዱቄት ያሰጣዋል። ያ የላይኛው ዕንቁላል ከእንግዲህ አይፈለፈልም፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። የጠገበ ማዕድ ትርፍ ነው። ኖት የሚበላው ይኼን ትርፍ ነው።

ዳርቻው ላይ በጀርባቸው የተገለበጡ ብዙ ነበሩ። ሞገድ ይገለብጣቸዋል። ራሳቸውን ማቃናት ካልቻሉ ጠዋት ፀሐይ ይገድላቸዋል፣ ወይም ገል የሚባሉት የባህር ወፎች ይበሏቸዋል። በጅራት መያዝ ይጎዳቸዋል፤ በልባሱ ጎንና ጎን ይዞ ማገላበጥ ነው። አሳየኋት። የመጀመሪያውን ዓይኗን ጨፍና ገለበጠች። ከዚያ በኋላ እኔ መከተል አቃተኝ። የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ አስራ፣ እየቆጠረች። "ዐሥራ ዘጠኝ" ስትል ጨልሞ ነበር።

ሞቴል ገብተን ኢንሱሊኗን ስትወጋ አንድ ነገር ነገርኳት። የእነዚህ ፍጥረታት ደም ሰማያዊ ነው። በደማቸው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ባክቴሪያ የተወው መርዝ ሲነካው ይረጋል። በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች ንጹሕ መሆናቸው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተፈተሸው በዚሁ ነው። አሁን በላቦራቶሪ የሚሠራ ምትክም መጥቷል። እማዬ መርፌውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

እሑድ፣ ግንቦት 17

እማዬ ጸሎቷን በመርከብ ላይ አደረሰች። ከሉዊስ እስከ ኬፕ ሜይ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ነፋሱ ብርድ ነበር፣ ጋቢውን ተጋርተን ተቀመጥን።

ስለ ቃርሚያ የነገረችኝ እዚያ ነው። ያደገችው ቡልጋ ነው። "አጫጅ ካለፈ በኋላ እኛ ሕፃናት እንገባ ነበር" አለች። "የወደቀውን የስንዴ ዛላ እንለቅማለን። ባለቤቱ ሲያልፍ ያየናል፣ ምንም አይልም። ያ የድሃ ነው። ግን አዝመራው ሲከፋ አጥብቀው ያጭዳሉ። የወደቀውንም ራሳቸው ይለቅማሉ። ያን ጊዜ ለባለቤቱ ይበቃው ይሆናል፤ ለቃራሚው ግን ምንም የለም።"

ይኼን ስትል መርከቡ ላይ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ለዓመታት በሰንጠረዥና በቁጥር ሳነበው የነበረው ነገር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሆርስሹ ክራብ በሚሊዮን እየተለቀመ ለማዳበሪያ ይፈጭ ነበር። ከዚያ ቀረ፣ ቁጥሩም አገገመ። በ1990ዎቹ ደግሞ ለአሣ ማጥመጃ ማባበያ በገፍ መያዝ ተጀመረ። ክራቡ ራሱ አልጠፋም። ግን ትርፉ ጠፋ። ሴቶቹ ሲያንሱ የአንዷን ጉድጓድ ሌላዋ አትቆፍረውም። ዕንቁላሉ ተቀብሮ ይቀራል፣ ለክራቡ ደህና ነው። የኖት ምንቃር ግን አይደርስበትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ90 ሺህ በላይ ኖት የተቆጠረበት ወሽመጥ በ2021 የተቆጠረው ከ7 ሺህ በታች ነው። ኒው ጀርሲ በ2008 ክራብ መያዝን ከለከለች። ደላዌር ወንዶቹን ብቻ ትፈቅዳለች። የአሜሪካ መንግሥትም በ2014 ይኼን የኖት ዘር አደጋ ላይ ያለ ብሎ መዘገበው። ክራቧ ግን ዕንቁላል ለመጣል እስክትደርስ ወደ አሥር ዓመት ይፈጅባታል። ዛሬ የተከለከለው ውጤቱ ነገ አይታይም። እኔ እንደሚመስለኝ ክልከላውን ያዘገዩት ሰዎች ስለ ክራቡ ብቻ አሰቡ፤ ቃራሚውን አልቆጠሩም።

ሪድስ ቢች ላይ ዳርቻው እስከ ሰኔ መጀመሪያ ለሰው ዝግ ነው። በገመድ ታጥሯል። ከመመልከቻው ላይ ሆነን ቴሌስኮፑን ተከልኩ። እዚህ ኖቶቹ ወፍራም ናቸው። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ከስብ ብዛት ወደ መሬት ተጠግቷል፣ ሲራመዱ ይወዛወዛሉ። ጎናቸው የሚለቅሙት ትናንሽ ሳንድፓይፐሮች ከእነሱ ጋር ሲተያዩ ጫጩት ይመስላሉ። አንዱ ኖት አሸዋው ላይ ያለውን አረንጓዴ መስመር ይዞ ከዳር እስከ ዳር ተከተለው። ቆጠርኩለት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰባ ሦስት ጊዜ ጠቅ አደረገ፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

"እግሩ ላይ ምንድን ነው?" አለች እማዬ ቴሌስኮፑን ስትይዝ።

ብርቱካናማ ምልክት ነበር። ተመራማሪዎች ወፎቹን ሲይዙ በየአገሩ ቀለም ያስሩላቸዋል። አሜሪካ አረንጓዴ፣ ቺሊ ቀይ፣ ብራዚል ሰማያዊ። ብርቱካናማ አርጀንቲና ነው። ፊደሉን ማንበብ አልቻልንም፣ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። ቢ95 የሚባል ዝነኛ ኖት ነበር። በ1995 አርጀንቲና ውስጥ ምልክት ታሰረለት፣ እስከ 2014 ድረስ ታይቷል። በዕድሜው የበረረው ሲደመር ከምድር እስከ ጨረቃ ደርሶ ከግማሽ በላይ ይመልሰዋል ስለተባለ የጨረቃ ወፍ ይሉት ነበር። ለእማዬ ስነግራት ዓይኗን ከቴሌስኮፑ አላነሣችም። "ብላ የኔ ልጅ፣ ብላ" አለች። ለእኔ አልነበረም።

በማታው መርከብ ተመለስን።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ከመንገድ በፊት ለአንድ ሰዓት ብቻ ስሎተር ቢች። ሰማዩ ደመና ነው። ባህሩ እየሞላ ስለሆነ የቀረው አሸዋ እንደ ቀበቶ ጠቧል። ከሌሊቱ ሥራ የተረፈው በግልጽ ይታያል፦ ጉድጓዶች፣ የክራቦቹ ጎታች ዱካ፣ በዱካው ላይ የወፍ እግር። አንድ ተርንስቶን ከአርብ ጀምሮ የማውቀው መሰለኝ፣ ግን ሁሉም እንዲያ ነው የሚመስሉት። ኖቶቹ ከሰሞኑ ይነሣሉ። አመሻሽ ላይ፣ እየተጠራሩ፣ ከፍ ብለው ወደ ሰሜን።

እማዬ የተገለበጡ ሦስት አገኘች፣ አቃናቻቸው። ከዚያ "እንሂድ፣ መንገዱ ይዘጋል" አለች።

መኪናው ጋ ቆማ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጎማው ላይ አራገፈችው። እርጥብ አሸዋ ወደቀ። አሸዋው መሐል አረንጓዴ ፍሬ ነበር፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ ከሶሉ ስር ተጣብቆ የመጣ። እማዬ አየችው። የዳቦውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። አጎንብሳ አሸዋውን ከነፍሬው በጣቷ እየጠረገች ወረቀቱ ላይ ሰበሰበችው።

ሞተር አስነሥቼ ጠበቅኳት። ወፎቹን እንዳታስነሣ ከጎን በኩል ዞራ፣ ቀስ ብላ ወረደች። ውኃው ጠርዝ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አራገፈች። አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ተመልሳ ገባችና ቀበቶዋን አሰረች።